አባዬ ባርኔጣውን ያስያዘባት መኪና

ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠራት ጥርሶ ብሎ ነው። ጥርሷ ገጥጦ እንዳይመስላችሁ፣ ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ስለሆነ ነው። ቀኑን ሙሉ የጀሶ መንጋጋ ፊቷ ደርድራ ስትሞርድ፣ ስትለካ፣ ስትወለውል ትውላለች። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ቱርቦ ይባላል። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ደረጃ እንኳን ሲወርድ ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ነው።

ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት የአባታቸው ቀይ መኪና ላይ ነው። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ይችን ትንሽዬ መኪና ገዛና ምን ቢያደርግላት ጥሩ ነው? የእሽቅድምድም መኪና ፍሬን ገጠመላት! የፊት ጎማዎቿ ላይ አራት አራት ፒስቶን ያለው፣ ዲስኩን ነክሶ የሚይዝ፣ ትልቅ ዳቦ የሚያክል ካሊፐር።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሃያ ቶን ጭኜ ቁልቁለት ላይ ስጸልይ ነው የኖርኩት» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። «አሁን ሳልጸልይ መቆም አማረኝ።»

ብዙም ሳይነዳት ግን ዓይኑ ደከመ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆመች፣ ፒስቶኖቹም ዝገው ክችም አሉ። ሞተሩን ቱርቦ በአንድ ሳምንት አስነሳውና «በል አባዬ፣ ቁልፉን ወዲህ በል» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ማስነሳትማ ማንም ያስነሳል» አለ አባትየው። «ያቆማት ነው የሚነዳት።»

«ፍሬኑን እኔ ልሥራው» አለች ጥርሶ ከወደ በሩ።

ቱርቦ ሳቁን ለቀቀው። «አንቺ? ምን ልታደርጊላት ነው፣ መንጋጋዋን ልትሞርጂላት?»

«ትሞክራ!» አለ አባትየው። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከሰፈራችን ቁልቁለት ግርጌ በርጩማዬን አስቀምጬ እቀመጣለሁ። መጥታ እፊቴ ከቆመች ቁልፉ የሷ ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ ያንተ።»

«ማን ነው በርጩማ ላይ የሚቀመጠው?» እናትየው ከልብስ ማጠቢያው ተነስታ መጣች። «ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ይልቅ ባርኔጣህን አስቀምጥበት!»

ባርኔጣው ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። እናትየው ሦስት ጊዜ ጥላው ሦስቴም ከቆሻሻው ተለቅሞ ተመልሷል። ስለዚህ ሐሳቡን ያመጣችው ለባሏ አዝና ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል።

ጥርሶ ነገሩን እንደ ቀልድ አልያዘችውም። ቱርቦ የኋላ ወንበሯን አውልቆ የሰው ቁመት የሚያክል ድምፅ ማጉያ ሊተክልባት እንዳሰበ ታውቃለች። እሷ ደግሞ የምትፈልገው አባቷን ጎኗ አስቀምጣ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ «ማርሽ ቀንሺ እንጂ ልጄ!» እያለ ሲጨቀጭቃት መንዳት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰኞ ከሥራ እንደተመለሰች መኪናዋን በክሪክ አነሳች፣ ብረት አስደገፈች፣ ጎማዎቹን ፈታች። ከዚያ እንደ ልማዷ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ለፊት ቆማ፣ ካሊፐሮቹን ፈትታ ከሥራ ቦታ ያመጣችው የብረት ትሪ ላይ አስቀመጠቻቸው። በግራ እጇ በኩል የነበረውን በግራ፣ በቀኝ እጇ በኩል የነበረውን በቀኝ። መንጋጋም የምትደረድረው እንዲሁ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ እነሱ ላይ ተተክላ ከረመች። መሐላቸው ጣውላ አስገብታ በኮምፕረሰር አየር ስትለቅባቸው ፒስቶኖቹ «ጧ! ጧ!» እያሉ ወጡ፣ ቱርቦ ከአጥር ማዶ «ማን ተተኮሰበት?» እያለ ሮጦ መጣ። ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ያረጁ ጎሚኒዎች በጥርስ መጎርጎሪያዋ ብረቱን ሳትጭር ነቀለቻቸው። ዝገቱን ጠርጋ፣ ፒስቶኖቹን ፊት እስኪያሳዩ ወለወለቻቸው። አዲሶቹን ጎሚኒዎች ፍሬን ዘይት ቀብታ አስገባች፣ ፒስቶኖቹንም በአውራ ጣቷ ቀጥ አድርጋ፣ ቀስ እያለች መለሰቻቸው። አባትየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየና «እህ» አለ። ከሱ አፍ «እህ» ከወጣ ትልቅ ምርቃት ነው።

ዓርብ ዕለት ጥርሶ ሥራ ላይ እያለች እናትየው አዋጅ አወጣች። «የዚች መኪና ዘይታም አፍንጫ ከታጠበ ልብሴ ይራቅልኝ!» አባትየውና ቱርቦ ጎማዎቹን መልሰው አስገቡና፣ መኪናዋን ገፍተው ፊቷን ወደ ግቢው በር አዞሯት።

ቅዳሜ ጠዋት ጥርሶ መኪናዋን መልሳ በክሪክ አነሳች፣ ጎማዎቹን ፈታችና ትሪው አጠገብ፣ ያው የዘወትር ቦታዋ ላይ ቆመች። ትሪው ላይ በግራ ያለውን በግራዋ በኩል ወዳለው የጎማ ቦታ፣ በቀኝ ያለውን ወደ ቀኙ ወሰደች። ልክክ ብለው ገቡ። ቡሎን አጠበቀች፣ ቱቦ ገጠመች፣ እናቷን መሪው ላይ አስቀመጠችና ፍሬኑ ውስጥ የገባውን አየር ፔዳሉን እያስረገጠች ማስወጣት ጀመሩ።

«እማዬ፣ ርገጪ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዢ!»

«ይዣለሁ! እግሬ ደነዘዘ!»

«ልቀቂ!»

ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። አንድ ጠርሙስ ፍሬን ዘይት አለቀ። ሁለተኛው ተጋመሰ። እናትየው አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ልጄ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ እርጥብ ስፖንጅ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ።»

ቱርቦ አጥሩን ተደግፎ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሱ ከፈተ። «አምስት ሰዓት ሆኗል፣ ጥርሶ። ሐዘኑን ከአሁኑ ጀምሪው።»

«በጥርስህ አትክፈት ብዬሃለሁ! የፊተኛው ስንጥቅ አለው።»

«እና አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ትሠሪልኛለሽ!»

አባትየው በርጩማው ላይ ተቀምጦ አንዴ ካሊፐሮቹን፣ አንዴ ሰዓቱን እያየ ከባርኔጣው ሥር ፈገግ ይላል።

«አባዬ፣ ምንድነው የሚያስቅህ?»

«እኔ? ምንም። ባርኔጣዬ አሳዝኖኝ ነው።»

ጥርሶ እጇን በጨርቅ ጠረገችና መሬት ላይ ዘፍ አለች። አየር... ከአየር ጋር እኮ በየቀኑ ነው የምትጣላው። ጀሶ ስታፈስ ውስጡ አረፋ ከቀረ መንጋጋው ሁሉ ቀዳዳ ይሆንባታል። ስለዚህ የሚንቀጠቀጠው ማሽን ላይ ታስቀምጠዋለች፣ አረፋውም እየተንሳፈፈ ወደ ላይ...

«ወደ ላይ!» ብላ ጮኸች።

በደረቷ ተኝታ ካሊፐሩ ሥር ገባች። አየር ማስወጫዋ ቡሎን መሬት መሬት እያየች ነው። ሮጣ ወዲያኛውን አየች፣ እሱም ያው። አየሩ ከላይ ተንፈላስሶ ተቀምጧል፣ እሷ ለካ ከታች በር ከፍታ «ውጣ» ትለዋለች! የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ገብቷል።

«ማነው ይችን መኪና ያዞራት?»

እናትየው ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብሷን ማየት ጀመረች።

ጥርሶ ራሷን ያዘች። ስንት ዓመት ስትሠራ አንድም መንጋጋ ዞሮ ጀርባውን ሰጥቷት አያውቅም። ይች ግን ሰጠቻት።

«አንተ ደግሞ አይተሃል አይደል?» አለችው አባቷን።

«ዓይኔ ደክሟል እኮ ልጄ» አለ፣ በዚያ በደከመ ዓይኑ እየጠቀሳት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጥድፊያ ቱርቦን ራሱን ያስንቃል። ፈታች፣ አቀያየረች፣ አጠበቀች። «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ከላይኛው ቡሎን አየሩ ፊጭ፣ ፊጭ እያለ ወጣ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ዘይት ብቻ።

«ውይ!» አለች እናትየው። «ድንጋይ ሆነ!»

ጥርሶ ጎማዎቹን መልሳ አጠበቀች፣ መኪናዋን ከክሪክ አወረደች፣ ግቢ ውስጥ ሁለቴ ወደፊት ሁለቴ ወደኋላ ብላ ሞከረቻት። ቀጥ! ቀጥ! ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን ቁልቁለቱ አናት ላይ ደረሰች። ታች በርጩማው ብቻውን ቆሟል፣ ላዩ ላይ ባርኔጣው። አባትና እናት ከመንገዱ ዳር ናቸው።

ቱርቦ የኋላውን በር ከፍቶ ዘው አለ። «እኔ ምስክር ነኝ!»

«ቀበቶህን እሰር።»

«ለዚች መኪና? ባክሽ ንጂ!» ብሎ በሁለቱ ወንበሮች መሐል አንገቱን አሰገገ።

ለቀቀቻት። መኪናዋ ቁልቁል ተንደረደረች። የአጥሩ ብረት፣ የመብራቱ ምሰሶ፣ የጎረቤት በር፣ ሁሉም ሽው። ባርኔጣው እየተለቀ መጣ።

«ያዢ እንጂ! አንቺ! ያዢያት!» ምስክሩ ነው የሚጮኸው።

ያዘቻት።

መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ እዚያው ተተከለች። አባትየው ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ እስከ በርጩማው በእጁ ለካ። «ስንዝር ከሁለት ጣት» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ደፋው።

«ትንሽ ብታልፍ ምን ነበረበት» አለች እናትየው ባርኔጣውን እያየች።

አባትየው ቁልፉን በመስኮት ለልጁ ሊሰጥ ሲል ትዝ አለው፣ ለካ ቁልፉ መኪናዋ ላይ ነው። «በቃ እዚያው ይሁን» አለና ዞሮ ጎኗ ገባ።

ጥርሶ ወደ ኋላ ወንበር ዘወር ስትል ቱርቦ አንድ እጁን አፉ ላይ ጭኗል፣ በሌላኛው መዳፉ ላይ ደግሞ ግማሽ የፊት ጥርስ አለ። የፊት ወንበሩ ጀርባ ነው የሰበረው።

«እትዬ ጥርሶ» አለ በተሸራረፈ ድምፅ። እትዬ ብሏት አያውቅም።

«ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ይዤህ እሄዳለሁ» አለች ማርሽ እያስገባች። «ከኋላ ትቀመጣለህ። ቀበቶህንም ታስራለህ።»

ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። አስሯል።