ገመድ የሌላት ጀልባ

ቴክላ ያን ቅዳሜ አዲሱን ነጭ ጫማዋን አድርጋ ነው የወጣችው፣ እሱ ራሱ ስህተት ነበር። ግን የዚያ ቀን ስህተቶች ቢሰለፉ የጫማው ስህተት ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው።

መጀመሪያ ነገር መሄድም አልፈለገችም። አስቡት እስቲ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷችሁ፣ ፀሐይዋ እንደዚያ ወጥታ፣ ከመንደሩ የመዘምራን ማኅበር ጋር አውቶቡስ ውስጥ ስትታጎሩ። ከእሷ ቀጥሎ በዕድሜ ትንሹ ሰው ሹፌሩ ነው፣ እሱም መላጣ ነው። አውቶቡሱ ገና ከመንደር ሳይወጣ ሁሉም የተቀቀለ እንቁላል መላጥ ጀምረዋል፣ መኪናው በሙሉ እንቁላል እንቁላል ይሸታል።

የመጣችው ለአያቷ ብላ ነው። አባባ ኦይገን በየዓመቱ ማኅበሩ የአንድ ቀን ጉዞ ሲያዘጋጅ ከሚስቱ ከኦቲሊ ጋር ነበር የሚሄደው። ኦቲሊ በበረዶው ወራት ሞተች፣ ወንበሯ ግን አስቀድሞ ተይዞ ነበር። የዘንድሮው ጉዞ ደግሞ እሷ ተወልዳ ወዳደገችበት ወደ ፍራይቡርግ ከተማ ነው።

"መስኮቱ ጋ ያለው ያንቺ ነው" አላት አባባ። ተቀመጠች። የኮቱ ኪስ አብጦ ጎኗን ይወጋታል። ዳቦ መሰላት።

"እዚያ ስንደርስ አንድ ነገር አብረን እናደርጋለን" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንቺ ታስፈልጊኛለሽ።"

ከፊታቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ትራውድል ቀጥ አሉ። ወይዘሮ ትራውድል ማለት ሲዘምሩ የራሳቸውን ድምፅ የማይሰሙ፣ ሰው ሲያንሾካሹክ ግን የማያመልጣቸው ሴት ናቸው።

"ምስጢር ነው እንዴ ኦይገን?"

"አዎ፣ ልጅቷን ልድራት ነው።"

"እንቁላሏን እንኳ ሳትበላ?"

ቴክላ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይኼ ቀን አያልቅም አለች በልቧ።

ከዚያ አስጎብኚው መጣ፣ እና በቃ።

ሲልቫን ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይማራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማውን ያስጎበኛል። ዝናብ በሌለበት ቢጫ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ሰው እንዳይጠፋበት። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ይወርድበትና እፍ ብሎ ይመልሰዋል። እንደ ልጅ እኮ ነው፣ እፍ። ቴክላ እንኳን ልትጠፋበት፣ ጃንጥላው ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። አሮጊቶቹን በክርኗ እየገፋች ከፊት ሆነች፣ አባባ ከኋላ ከዘራውን እየጠቀጠቀ ይመጣል።

ሲልቫን ቀዩን የድንጋይ ካቴድራል አሳያቸው። ከላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ፣ የዝናብ ውሃ እንዲወርድበት ተብሎ የተቀረጸ አንድ የድንጋይ ሰውዬ አለ፣ ቂጡን ገልጦ ወደ አደባባዩ የሰጠ።

"ለምን እንደዚህ ተደርጎ እንደተቀረጸ በእርግጥ የሚያውቅ የለም" አለ ሲልቫን።

"ሞቆት ይሆናላ" አሉ ወይዘሮ ትራውድል።

ቴክላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሲልቫን አያት። ወይም ወደ እሷ አቅጣጫ አየ፣ ያው ነው።

ከዚያ ቦዮቹ ጋ ደረሱ። በከተማዋ መንገዶች ዳር ዳር ቀጫጭን ቦዮች አሉ፣ ክዳን የሌላቸው፣ ከተራራ የወረደ ጥርት ያለ ውሃ እየተንኳለለ የሚሄድባቸው። የሰፈሩ ሕፃናት ትንንሽ የእንጨት ጀልባ በገመድ አስረው ይጎትቱባቸዋል። "እዚህ አንድ ወግ አለ" አለ ሲልቫን። "ሳያውቀው ቦይ ውስጥ የገባ ሰው የፍራይቡርግ ሰው ያገባል።"

የማኅበሩ ጭንቅላት ሁሉ ወደ አባባ ዞረ።

"ኦይገን፣ አንተ በየትኛው እግርህ ነበር የገባኸው?" አሉ ወይዘሮ ትራውድል።

"በሁለቱም። አንዱ አልበቃትም።"

ሁሉም ሳቁ። አባባም ሳቀ፣ ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ውሃውን እያየ ቀረ። ቴክላ አይታዋለች። ልክ ያኔ ሲልቫን ፀጉሩን እፍ አለ።

ጉብኝቱ አልቆ ነፃ ሰዓት ሲሰጣቸው አባባ ክንዷን ይዞ አንድ በር ሥር ወሰዳት። ከኪሱ ያወጣው ዳቦ አይደለም። መዳፍ የምታህል ጀልባ ናት፣ እሱ ራሱ የጠረባት፣ ሸራዋ ከኦቲሊ ሰማያዊ ሻርፕ የተቆረጠ።

"ኦቲሊ ናት የጠየቀችኝ" አለ። "እዛ ታች፣ ድልድዩ ጋ፣ ያደገችበት ቤት ፊት ለፊት ቦይ አለ። ልጅ ሆና ሁልጊዜ ጀልባዋን በገመድ እንድትጎትት ነበር የሚያደርጓት፣ እንዳትጠፋባት። ስሞት አንድ ሥራልኝና ያለ ገመድ ልቀቃት አለችኝ።"

ቴክላ ጀልባዋን በሁለት እጇ ያዘቻት። በጣም ነው ያማረችው። እንባዋ መጣ፣ እውነተኛ እንባ።

"እኔ መጎንበስ አልችልም" አለ አባባ። "ዳሌዬ ውስጥ ያለው ብረት እምቢ ይላል። ብጎነበስም የሚያነሳኝ ክሬን ነው። አንቺ ትጎነበሺልኛለሽ።"

"አሁን እንሂዳ።"

"አሁን ማኅበሩ መንገድ ላይ ነው። ካዩን መዝሙር ይጀምራሉ፣ ትራውድል ደግሞ በሶፕራኖ፣ በቀጭኑ ድምፅ። የካቴድራሉ ደወል ሦስት ጊዜ ሲመታ ሁሉም ኬክ ላይ ይሆናሉ። በዛ ሰዓት ኬክ ትቶ መንገድ ላይ የሚገኝ የመንደራችን ሰው የለም። ያኔ ድልድዩ ጋ ነይ።"

"እሺ አባባ።"

"አውቶቡሱ አይጠብቅም፣ ከዚያ በኋላ ጊዜ የለንም።"

"እመጣለሁ አልኩህ እኮ።"

ልትመጣም ነበር። ጀልባዋን መልሳለት ጉንጩን ስማው ስትሄድ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ግን ካቴድራሉ ሥር ገበያ አለ፣ ገበያው ውስጥ ቋሊማ የሚጠብሱ አሉ፣ ቋሊማው ጋ ሲልቫን ቆሟል። ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተራ ይጠብቃል። ቴክላ ከኋላው ተሰለፈች፣ ርቧት እንደሆነ ለራሷ ነገረች። የዚያ ከተማ ቋሊማ ረጅምና ቀይ ነው፣ ዳቦው አጭር፣ በሁለቱም ጫፍ ይወጣል።

"ሽንኩርት ይግባበት አይግባበት?" አላት ሻጩ።

ቴክላ ሽንኩርት ሲያልፍም አትወድም። ሲልቫን ዞር አለና "እንዴ፣ ይግባበት እንጂ። ያለ ሽንኩርት የሚበላው እንግዳ ነው" አለ።

"ብዙ ይግባበት" አለች ቴክላ።

እየበሉ አብረው ሄዱ። ማለቴ፣ እሱ ሄደ፣ እሷ አብራው ሄደች። ስለ ድሮ ግንብ አወራት፣ ስለ ፈተናው አወራት፣ እሷ በማያስቀው ሁሉ ሳቀች። ሽንኩርቱ ጉሮሮዋን አቃጠላት፣ እሱንም ሳቀችበት።

"ያ ባለ ከዘራው አያትሽ ናቸው?" አላት ድንገት። "ጉብኝቱን ሙሉ ዓይናቸውን ከቦዩ ላይ አልነቀሉም። የሆነ ነገር ጠፍቶባቸው ነው?"

"እሱ እንደዛው ነው" አለች ቴክላ ቶሎ ብላ፣ ወሬው ወደ ሽማግሌ እንዳይሄድባት። "ግንቡን ማን ሠራው አልከኝ?"

ደወሉ መታ። ሦስት ጊዜ።

ሰምታዋለች። አልሰማሁም ብላ ራሷን እንኳ ልታታልል አትችልም፣ ያን ደወል የከተማው እርግብ ሁሉ ነው የሰማው። አንድ ደቂቃ፣ አለች በልቧ። አባባ ይጠብቃል፣ አባባ ሁልጊዜ ይጠብቃል።

ሲልቫን የግንቡን ወሬ ሲጨርስ ስለ ግንቡ በር ጀመረ። የበሩ ወሬ ሲያልቅ ቆሞ ሰዓቱን አየ። ሊሄድ ነው። እና ቴክላ፣ ሰይጣን ገፍቷት ይሁን ሽንኩርቱ፣ ያዳለጣት መስላ ነጩን ጫማዋን ቦዩ ውስጥ ከተተችው።

ውሃው በረዶ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባ። ቀና ብላ አየችው፣ ፊቷ እንደ ቋሊማው ቀልቷል።

ሲልቫን ከልቡ ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። "ሆን ብሎ የገባ አይቆጠርለትም፣ ሕጉ እንደዛ ነው" አለ። "ፍቅረኛዬም መጀመሪያ ስትመጣ ሞክራው ነበር።" እጇን ይዞ አወጣትና "አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ" ብሎ ጃንጥላውን ወደ ላይ ሰቀለ። ጥግ ላይ ሌላ ቡድን እየጠበቀው ነው።

እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። አንዱ ጫማ ድምፅ የለውም፣ ሌላው በየእርምጃው ይንቦጫረቃል። የአበባ ሻጩን፣ የመጻሕፍት ቤቱን፣ ኬክ ቤቱን አለፈች። የማኅበሩ ሰዎች አፋቸውን እየጠረጉ መውጣት ጀምረዋል፣ አንድ ሰው ስሟን ጠራ፣ ዞር አላለችም።

ድልድዩ ታያት። አባባ ታያት።

ብቻውን አልነበረም። አንዲት ሴት ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ የብስክሌት ቆቧን ሳታወልቅ፣ ጉልበቷን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ተጎንብሳለች። ጀልባዋን እንደ እንቁላል ይዛታለች። ቀና ብላ አባባን አየችው፣ እሱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ እሷ ለቀቀች።

ሰማያዊው ሸራ ትንሽ ዘመመ፣ ቀና አለ፣ ሄደ። አባባ ከዘራውን ተደግፎ ጥቂት እርምጃ ተከተለው፣ ከዚያ ቆመ። ቴክላ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየች። ጀልባዋ መንገዱ ሥር ወደሚገባው ጨለማ ሄዳ ጠፋች። አባባ ባርኔጣውን አነሳ። ለሴትየዋ ይሁን ለጀልባዋ ቴክላ አላወቀችም።

ሴትየዋ ጉልበቷን አራግፋ፣ ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ ብስክሌቷን ይዛ ሄደች።

ያኔ ነው አባባ ያያት። አልተቆጣም። "መጣሽ" ብቻ አላት። ከዚያ ወደ ታች አየ። "ጫማሽ ረጥቧል።"

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አባባ ከጎኗ፣ ኪሱ ባዶ፣ ምንም አይወጋም። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ወደ እሱ ዞረች።

"ጠበቅከኝ?"

"ጠበቅኩሽ። ከዚያ እነ ትራውድል ከላይ ሲመጡ ሰማሁ።"

"ሴትየዋ ማን ናት?"

"አልጠየቅኳትም። አባት ልርዳዎት አለችኝ፣ እሺ አልኳት።" ባዶ ኪሱን ዳበሰ። "ጀልባዋን መንገዱ ሥር የምትገባበት ጋ አንድ ነገር ቢይዛት ብዬ ፈርቼ ነበር። አልያዛትም።"

"ሌላ እንሠራለን አባባ። እኔ እሠራለሁ፣ አንተ ታሳየኛለህ። በባቡር እንመጣለን፣ ሁለታችን ብቻ፣ እኔ እጎነበሳለሁ።"

አባባ እጇን መታ መታ አደረገው፣ ሕፃን ሆና ስትወድቅ እንደሚያደርገው።

"ኦቲሊ አንድ ነው ያለችው" አላት።

ከዚያ ቦርሳውን ከፈተና አንድ ጥንድ ካልሲ አወጣ፣ ወፍራም፣ ቀይ፣ ኦቲሊ ራሷ የሠራችው።

"አድርጊው፣ እንዳይበርድሽ።"

"ካልሲ ለምን ያዝክ?"

"ስትጎነበሺ ትረጥቢያለሽ ብዬ ነዋ።"

ወይዘሮ ትራውድል ከፊት ወንበር ዞር አሉ። "እህ ኦይገን፣ ያ ምስጢር ምን ደረሰ? ዳርካት?"

"አለቀ" አለ አባባ። "ሁሉም በደንብ አለቀ።"

ከኋላ አንድ ሰው መዝሙር ጀመረ። አባባም ገባበት፣ በዝቅተኛው ድምፁ፣ እንደ ሁልጊዜው። ቴክላ ነጩን ጫማ አውልቃ እግሮቿ መካከል አስቀመጠችው። ካልሲውን አደረገች፣ ሰፊ ነበር። እግሯ ቀስ እያለ ሞቀ፣ በሞቃት ቁጥር ጸጸቱ ባሰባት።