ያልተጠየቁት አባት

«ይኸው መጣላችሁ፣ አባቴን የገደለው!» የመምህርቷ ታላቅ ወንድም ከተቀመጠበት ብድግ ሲል የሻይ ብርጭቆው ተገለበጠ።

በሩ ላይ የቆመው የልብ ሐኪሙ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሊደርስ መምጣቱ ነው። መምህርቷ ግን ወንድሟ የማያውቀውን ታውቃለች።

አባታቸው የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ውኃ በተዘጋ ቁጥር ሰፈሩ የሚጠራው እሳቸውን ነው። አንዱ የልባቸው ደም ሥር ጭራሽ መደፈኑ የተነገራቸው ዕለት «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ!» ብለው ሳቁ። ከእጅ አንጓቸው በሚገባ ቀጭን ቱቦ ሽቦ ተልኮ እንደሚከፈት ሲሰሙ ግን ሳቁን ተዉት። «የተደፈነን ቧንቧ በጉልበት የገፋ ያፈነዳዋል» አሏት ለብቻዋ። «ሽቦው እምቢ ካለ ይተዉት።»

በሕክምናው ቀን ወንድሟ የጭነት መኪናውን ይዞ ሩቅ አገር ነበር። ሽቦው ሁለት ሰዓት ሙሉ አላልፍ አለ። ሐኪሙ እሷ ወደምትጠብቅበት መተላለፊያ ወጣ።

«ለዛሬ ቢበቃን ይሻላል። በጎን ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ዞሮ ከወዲያ በኩል መሞከር ይቻላል፤ ግን አደገኛ ነው። አባትሽን ላማክራቸው?»

«ለእኔ ትተውልኛል። ሞክሩት» አለች።

ሥሩ ተቀደደ። ደሙን ማቆም አልተቻለም።

«ተናገር እንጂ!» አሁን በለቅሶው ቤት ወንድሟ ሐኪሙ ፊት ተገተረ። «ማነው ቀጥል ያለህ?»

ሐኪሙ ወደ እሷ አየት አደረገና አቀረቀረ። ዝም ብትል ጥፋቱ እሱ ላይ ሊቀር ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሱማ ይብቃን ብሎ ነበር።»

«አባባስ? ነቅተው አልነበር እንዴ?»

«ነቅተው ነበር።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«አላስጠየቅኳቸውም። እምቢ እንዳይሉ ፈራሁ። ለእኔ ትተውልኛል ያልኩት ውሸቴን ነው።» እንባዋ ቀደማት። «ትንሽ እንዲቆዩልኝ ብዬ እኮ ነው!»

ሐኪሙ ግድግዳውን ተደገፈ። ወንድሟ ቡጢውን እንደጨበጠ ወደ እሷ መጣ።

«ተው ልጄ!» አሉ እናታቸው ከጥግ።

አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ቡጢውን ፈታ። ከዚያ ኮቱን አወለቀና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ከታች ጀምሮ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይቆልፍላት ጀመር።