የፍልሰታው ዳቦ

ናኢማን ጉድ የሠራት የገዛ እጇ ነው። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ የቤት ዕቃ ሱቅ አላት፤ የዳቦ ማሽኑን ከሱቋ አውርዳ ቤቷ ካስገባችው ሁለት ዓመት አልፎታል። በየጁምዓው ለልጆቿ ለስለስ ያሉ ትንንሽ ዳቦዎች ትጋግራለች። ለብ ያለ ወተት፣ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ከላይ እርሾ። ማሽኑ ያቦካል፣ እሷ እያድቦለቦለች ምድጃ ውስጥ ትከታለች። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሠራው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤቷ እትዬ በለጥሻቸው ልጃቸውን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ማሙሸት አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲያራግፍ ከመኪና ላይ ወድቆ ነው የሞተው። እናቲቱ ከቀብሩ ወዲህ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሱም። ለቀስተኛው ቢለምን ቢማጸን፣ «ጉሮሮዬ አልከፈት አለኝ» ብቻ ነው መልሳቸው። የንስሐ አባታቸው «ደክመዋል፣ ግድ የለም፣ ወተት ይውሰዱ» ቢሏቸው ጭራሽ ፊታቸውን አዞሩ።

«ፍልሰታን የምጾመው ለማሙሸቴ ነፍስ ነው። ሌላ የምሰጠው ምን ቀረኝ?»

ናኢማ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች። ሰምታም አንጀቷ ስላልቻለ ነው እየሮጠች ቤቷ ገብታ ማሽኑን የከፈተችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ትኩስ ትኩሱን በጨርቅ ሸፍና ገባች። እትዬ በለጥሻቸው ትንሽ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ከዚያ ዋጡት። ሁለተኛውን ዳቦ ማንም ሳይለምናቸው ራሳቸው አነሡ፤ ሦስተኛውን ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ ደም መለስ አለ። ናኢማ ደስታዋ ሊያስለቅሳት ደረሰ። እንባዋን ልትጠርግ እጇን ስታነሣ ግን ጣቶቿ ላይ የቅቤ ወዝ አየች። እጇን ቀሚሷ ሥር ሸጎጠች።

ያን ቀን ሳትናገር ወጣች። ብትናገር ሴትዮዋ አፋቸውን መልሰው ሊዘጉ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ለልጃቸው ያስቀሩትን አንድ ነገር እሷ ቀማቻቸው ማለት ነው። ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ ገባሁ እያለች ስትብሰለሰል ነጋላት።

በማግስቱ ወተቱን በውሃ፣ ቅቤውን በዘይት ለወጠች። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ ዳቦው ግን ድርቅ ብሎ ወጣ። እትዬ በለጥሻቸው አላመጡት፣ አሁንም አላመጡት፤ አልወርድ ሲላቸው መሐረባቸው ላይ ተፉት።

«ምነው ናኢማዬ? የትናንቱን ሥሪልኝ እንጂ። እሱ ብቻ ነው የወረደልኝ።»

ለቀስተኛው ወጥቶ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ወተቱ ናኢማ ፍሪጅ ውስጥ አለ። አሁን ብትሠራላቸው ይበላሉ፣ ይድናሉ፣ ማንም አያውቅም። እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

«የትናንቱ ወተት ነበረው፣ እትዬ» አለች። «ቅቤም አለው። ሳላስበው ነው ወላሂ፣ እጄ ለምዶት...»

እትዬ በለጥሻቸው መሐረባቸውን ጠቅልለው አስቀመጡ።

«ስንት በላሁ?»

«ሦስት።»

«ሦስት» አሉ ቀስ ብለው፤ እንባቸው ወረደ። ናኢማ እግራቸው ሥር ተደፋች። ቢረግሟት፣ ቢያባርሯት ይሻላት ነበር።

«ተነሺ» አሏት። «ለአባ እኔው እነግራቸዋለሁ። አንቺ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ሙስሊሟ ጾም አስገደፈቻት ብለው ስምሽን ያጠፉታል።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «በይ ያንን ደረቁን አቀብይኝ፤ ውሃም ጨምሪልኝ።»

ናኢማ አቀበለቻቸው። እትዬ በለጥሻቸው ደረቁን ዳቦ ውሃ ውስጥ እየነከሩ፣ በየጉርሻው እያነቃቸው፣ እስኪያልቅ ድረስ በሉት።