የራድካ በር ወረቀቶች

እኔ ሰው አላምንም። ሟቹ ባለቤቴ «አንቺ እኮ ፖስተኛውንም ትፈትሺዋለሽ» ይለኝ ነበር፤ ይበል። ማዘጋጃ ቤቱ ከዋና ከተማው ከሶፊያ ገንዘብ ተለቀቀልኝ፣ ባለቤት አልባ ቤቶችን አፍርሼ ከተማዋን አጸዳለሁ ሲል ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን ቦታውን ማን ሊወስደው ነው እያልኩ አሰላ ነበር።

ጎረቤቴ ራድካ ባሏ ዲሞ ከሞተ ወዲህ ጣሊያን ሄዳ አሮጊት ታስታምማለች። ስትሄድ ቁልፏን ሰጠችኝና «ጌና፣ አደራሽን። ጡረታ ስወጣ ሌላ መግቢያ የለኝም» አለችኝ። በየዓመቱ የዲሞ ፎቶ ያለበት የሙት ዓመት ማስታወቂያ ትልክልኛለች፣ እንደ አገራችን ወግ በሯ ላይ እንድለጥፍላት። ከታች «ሚስቱ ራድካ፣ ከጣሊያን» ይላል። ይሄ ለሌባ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ መንገር አይደል? አንዱንም አልለጠፍኩም። የድሮውንም ልጬ ጣልኩት።

መጋቢት ላይ ኢንጂነር ኪርቼቭ ከማዘጋጃ ቤት መጣና የራድካን በር ይዳብስ ጀመር።

«እማማ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሌላው በር ላይ የሙት ዓመት ወረቀት ስናይ ዘመድ እንዳለ እናውቃለን። እዚህ ግን ምንም የለም።»

«የሰው በር ስጠብቅ አልውልም» አልኩት። የኪርቼቭ አማች ከቤቷ ጀርባ ያለውን ግቢ ገዝቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። የራድካን ስም ብነግረው አባብሎ የቤቱን ሽያጭ ሊያስፈርማት ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

በሳምንቱ በሩ ላይ ማህተም ያለበት ወረቀት አገኘሁ። መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ግንቦት ላይ ከገበያ ስመለስ ዶዘሩ የቤቱን ግማሽ አውርዶታል። ቁልፉን ይዤ ሮጥኩ።

«ባለቤት አለው! ራድካ ናት፣ ጣሊያን ነው ያለችው!»

ኪርቼቭ ቁልፉን አየ፣ እኔን አየኝ። «ባለቤት ካለ ይቅረብ ብለን ለጥፈን ሁለት ወር ጠበቅን እኮ፣ እማማ። ያኔ የት ነበሩ?»

ቤት ገብቼ ለራድካ ደወልኩላት።

«ሳያስታውቁ ያፈርሳሉ እንዴ?» አለች እያለቀሰች። «ወረቀት አልለጠፉም?»

«ምንም አልለጠፉም።»

«የዲሞን ማስታወቂያስ አላዩም?»

«እነሱው ናቸው የቀደዱት» አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ከዚያ «ጡረታ ስወጣ አንቺው ጋ ነው የምገባው፣ ጌና። ከእንግዲህ ካንቺ በቀር ማንን አምናለሁ?» አለችኝ።

በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። «ነይ» አልኳት።