አቶ ዘርጋው ማንም ያልሄደበት ቦታ ሄዱ

፩

አውቶቡሱ ሄደ።

አቶ ዘርጋው ሻንጣውን እንደያዙ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ የእጅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ፣ አቧራውን ሲያዩ ቀሩ። ዙሪያው ተራራ ነው። ያለው አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት የድንጋይ ቤቶችና አንዲት ድመት ነው። ድመቷ አየቻቸውና ቤት ገባች።

«ይኸው!» አሉ አቶ ዘርጋው። «ማንም ያልመጣበት ቦታ!»

ወይዘሮ እልፍነሽ አካባቢውን ቃኘት አደረጉ።

«ለምን እንዳልመጡ ገባኝ» አሉ።

፪

ታሪኩ እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። አውቶቡሱ እንደሆነ አይመለስም።

አቶ ዘርጋው ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት አቶ ሙሉነህ ባለፈው ዓመት አውሮፓን ዞረው መጡና፣ ያንን ጣሊያን አገር ያለ የተንጋደደ ግንብ በመዳፋቸው ደግፈው የተነሱትን ፎቶ አሳድገው ሱቃቸው ውስጥ ሰቀሉት። የፍሬን ሸራ ሊገዛ የገባ ሁሉ ግንቡን ሳያይ አይወጣም።

«ሕዝብ የሚጋፋበትን ቦታ ማየት ምን ሙያ አለው?» ይሉ ነበር አቶ ዘርጋው። «ሙያስ ማንም ያላየውን ማየት!»

ስለዚህ እዚያው ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ የምትሠራው ልጃቸው መክሊት ስትጋብዛቸው፣ ፓስፖርታቸውን ሳያወጡ ሰው የማያውቃቸውን ቦታዎች መፈለግ ጀመሩ። ወይዘሮ እልፍነሽ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቬኒስ። ውሃ ላይ የቆመውን ከተማ አይተው፣ ጀልባ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከር ማድረግ።

«ቬኒስማ ሙሉነህም ሄዷል» አሉ አቶ ዘርጋው።

በቃ።

፫

እስካሁን ያዩዋቸው ብዙም የማይታወቁ ቦታዎች፦

የልብስ ቁልፍ ሙዚየም። ተዘግቷል።

ፏፏቴ። ደርቋል።

አንድ መስፍን አድሮበታል የተባለ ቤት። አሁን ጎማ ይጠገንበታል። እዚህ አቶ ዘርጋው ግማሽ ቀን ቆዩ፤ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

፬

የስልክ ንግግር፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ።

መክሊት፦ አባዬ፣ የት ናችሁ?

አቶ ዘርጋው፦ ፒያንሰርቮ!

መክሊት፦ እሱ ደግሞ የት ነው?

አቶ ዘርጋው፦ አየሽ? አንቺ እንኳ አታውቂውም!

መክሊት፦ ቆይ ልየው... አባዬ፣ እዚያ እኮ ሌላ አውቶቡስ የሚመጣው ሐሙስ ነው።

(አቶ ዘርጋው ዞረው አውቶቡሱ የሄደበትን መንገድ አዩ።)

መክሊት፦ እማዬ ምን አለች?

አቶ ዘርጋው፦ ምንም አላለችም።

መክሊት፦ ወይኔ።

፭

የወይዘሮ እልፍነሽ ዝምታ ግን በቬኒስ የመጣ አልነበረም።

ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ንጋቱ ያረፉት አምና፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ነው። «መሄድ ለማትችል ሴት ምን ብለን እንንገራት» ብለው ዘመዶች መርዶውን ደበቁ። ሲነገራቸው ቀብሩም አልፏል፣ ሠልስቱም ወጥቷል። ለቅሶ ደራሾቹ ቤት ሲገቡ ወይዘሮ እልፍነሽ ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው ተቀመጡ። አንዲት ጠብታ አልወጣቸውም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብዙ የሚያወሩት አቶ ዘርጋው ናቸው። ሲጨንቃቸው ያወራሉ፤ እና ሁልጊዜ ይጨንቃቸው ነበር።

፮

ማክሰኞ ጠዋት ደወል ተደወለ። አንዴ፣ ረጅም ዝምታ፣ ደግሞ አንዴ።

ክፍል ያከራየቻቸው ሲኞራ ኢዳ ጥቁር ለብሳ ወጣች። ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። አቶ ዘርጋው የጣሊያንኛ እውቀታቸው በሙሉ የመኪና ዕቃ ስለሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያመለከቱ «ሞተር?» አሏት። እሷም ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ደፋች።

«ቆሟል» አሉ አቶ ዘርጋው ለባለቤታቸው። «ሰው ሞቷል።»

«የማን ሰው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላቸውን ከሻንጣ አውጥተው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዞሩት፣ እንደ ሐዘንተኛ።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ሰፈሩ ውስጥ አድሬ ቀብር ልቀር ነው እንዴ?» አሉ። ከሰኞ ወዲህ ከአፋቸው የወጣ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው።

፯

ሟቹ ዱይሊዮ የሚባል ልጅም ሚስትም የሌለው ሽማግሌ ነበር። ቀባሪዎቹም ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለራሳቸው ደጋፊ የሚፈልጉ። መቃብሩ ያለው ከዳገቱ ማዶ ነው። ቄሱ ሬሳ ሣጥኑን አዩ፣ ተሸካሚዎቹን አዩ፣ ከዚያ የመኪና ባሊስትራ ሲያነሳ የኖረውን የአቶ ዘርጋውን ትከሻ አዩና «ካንዴላ» እያሉ እጃቸውን ያዙ።

«ካንዴላ? የምን የሞተር ካንዴላ? መኪና መቼ አለና!» አሉ አቶ ዘርጋው። ቄሱ አቶ ዘርጋው እንደ ለቀስተኞቹ ሁሉ የያዙትን ሻማ ከእጃቸው ወስደው ለኢዳ ሰጡና ወደ ሣጥኑ ጎተቷቸው። አቶ ዘርጋው ስንት ዓመት ሲሸጡት የኖሩት ዕቃ ስሙ ሻማ ማለት እንደሆነ ያኔ ገባቸው።

ተሸከሙ።

ዳገቱን ጨርሰው ቁልቁለት ሲጀመር ሣጥኑ ተንሸራተተ፣ ከፊት ያለው ሽማግሌ መንደርደር ጀመረ።

«ፍሬን!» ብለው ጮኹ አቶ ዘርጋው። «ፍሬን! ፍሬን!»

ሁሉም ቀጥ አሉ። ገብቷቸዋል። አቶ ዘርጋው ሣጥኑን አስተካከሉና፣

«ማርሽ» አሉ።

ሄዱ።

፰

ቄሱ ጸሎቱን ጨረሱ። ማንም አላለቀሰም። ሰዎቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እግራቸውን ያያሉ። አንዱ ሰዓቱን አየ።

አፈሩ ሣጥኑ ላይ ሲወድቅ ያ ድምፅ ተሰማ። የትም አገር አንድ ዓይነት የሆነው ድምፅ።

«ወንድሜ!»

አቶ ዘርጋው ዞሩ። ሚስታቸው ደረታቸውን ይዘው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመዋል።

«ቀብርህ ላይ ሳልቆም፣ ቀረሁ መንገድ አጥቼ፣
በማያውቁህ አገር፣ አለቀስኩህ መጥቼ!

ጋሼ! ጋሽ ንጋቱ!»

አለቀሱ። አምና የቀረውን እንባ በሙሉ አወጡት። አቶ ዘርጋው «በቃሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ።

ዘጉት።

ሲኞራ ኢዳ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥላ መጥታ የወይዘሮ እልፍነሽን ወገብ ያዘች። ከዚያ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ሌላዋ። ሰዓቱን ያየው ሰውዬ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ማን የማንን ሰው እንዳለቀሰ እግዜር ይወቀው። ዱይሊዮ ግን በዚያ መንደር እንዲህ ተለቅሶለት የተቀበረ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

፱

ማታውን ሴቶቹ ሾርባና ዳቦ ይዘው ለዱይሊዮ ሳይሆን ለወይዘሮ እልፍነሽ መጡ። መክሊት በስልክ አስተረጎመች።

«ንጋቱ ማነው? ነው የሚሉሽ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ነገሯቸው። ጋሽ ንጋቱ የኪዳነ ምሕረት ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበሩ። ሲቆጡ አፍንጫቸው ይቀላ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ። ወይዘሮ እልፍነሽም ሳቁ። አቶ ዘርጋው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ያንን ሳቅ ሲሰሙ ሾርባቸው ቀዘቀዘ።

«ሠልስቱ ሐሙስ ነው በያቸው» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

«እማዬ፣ እዚህ ሠልስት የለም እኮ።»

«ቢሆንም ንገሪያቸው።»

፲

ሐሙስ።

አውቶቡሱ መጣ። አቶ ዘርጋው ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው ነበር።

«እልፌ» አሉ። «ቬኒስ እንሂድ። ሙሉነህ ሄዶ ከሆነም ሄዷል። ጀልባው ላይ አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ባለቤታቸውን ትክ ብለው አዩዋቸው። ፈገግ አሉ። አንድ እግራቸውን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አደረጉ።

ከማዶ፣ ዛፉ ሥር፣ ሲኞራ ኢዳ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ወንበር ታወጣለች። ሌሎቹም ከየቤታቸው ወንበር እየጎተቱ ይመጣሉ። በክብ ደረደሩት። ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

«ዘርጋው» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

«አቤት።»

«ሻንጣውን አውርደው።»