ቀጭን ወተት

ጋሽ ይመለስ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ወተት አቅራቢዎቹ ናቸው። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ የወተት ፋብሪካው መቀበያ በር ላይ ቆመው የመጣውን ዕቃ ሁሉ ክዳን ከፍተው ያያሉ፤ ያሸታሉ፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ጣል ያደርጋሉ። ጠብታዋ ድቡልቡል ብላ ከቆመች ያልፋል። ከፈሰሰች ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «ይመለስ!» ነው። ለዘመድ አያዳሉም፣ ለለቅሶ አይራሩም። የገዛ አማታቸው ያመጡትን ወተት መልሰዋል እየተባለ ይወራባቸዋል፤ እሳቸው ግን «አማቴ ላም ኖሯቸው አያውቅም» ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከራሉ።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከወተት ጋር ተለያይተናል ብለው ነበር፤ ልጃቸው እስክትወልድ ድረስ።

የልጅ ልጃቸው ቀኗን ሳትጨርስ ነው የመጣችው። ለመምጣት እንደዚያ የቸኮለች ልጅ ከመጣች በኋላ ግን ለምንም ነገር አትቸኩልም። ጡት ሲሰጧት ትንሽ ትጠባና ድክም ብሏት ታሸልባለች። ጉልበት እስክታወጣ እናቷ ወተቱን በእጇ እያለበች በትንሽ ኩባያ እንድትሰጣት ሐኪሞቹ አዘዙ። ኩባያውን ከንፈሯ ጫፍ ሲያስጠጉላት እንደ ድመት ግልገል ላስ ላስ ታደርገዋለች። አያቷ ሚጢጢ ይሏታል፤ እሷን አይቶ ሌላ ስም የሚመጣለት ሰውም የለም።

የወሊድ ፈቃዱ አለቀና እናትየዋ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካዋ ልትመለስ ሆነ። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ የሚገኘው በስልክ ነው። «እኔ ምን ሥራ ይፈታብኛል? እኔ እይዛታለሁ» አሉ ጋሽ ይመለስ። ሰፈሩ ሳቀ። የገዛ ልጃቸውን እንኳ አቅፈው የማያውቁ ሰው ናቸዋ!

በመጀመሪያው ጠዋት ልጃቸው ፍሪጁን ከፍታ አሳየቻቸው። የተቀቀሉ ባለ ክዳን ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የታለበበት ቀን ተለጥፏል። የቆየው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ። «ስታሞቀው ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው እንጂ እሳት ላይ እንዳትጥደው። ከኩባያ የተረፈውን መልሰህ እንዳትከተው» አለቻቸው።

«ለእኔ ነው ስለ ወተት የምታስረጂው?» አሉና አንዱን ጠርሙስ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

ላዩ ላይ ስስ ቢጫ ቅባት ሰፍፏል። ከሱ በታች ያለው ግን ቀጭን ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ሩዝ የታጠበበት ውሃ የመሰለ። ምን ያድርጉ፣ እጅ የለመደውን አይተውም። ክዳኑን ከፍተው አንዲት ጠብታ ጥፍራቸው ላይ ጣል አደረጉ። ጠብታዋ አንድ አፍታ እንኳ ሳትቆም ወረደች።

«ልጄ» አሉ፤ «ይሄማ ውሃ ገብቶበታል።»

ልጃቸው ጫማዋን ማሰሯን ትታ ቀና አለች። «ማን ያስገባበታል አባዬ? ላሚቱም እኔ፣ አላቢዋም እኔ፣ አቅራቢዋም እኔ!»

ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ የሳቀችው ግን ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ የምታልበው ክር መጋዘን ነው። ተቆጣጣሪዋ ደግ ሴት ናትና በምሳ ሰዓት ቁልፉን ትሰጣታለች። እጇን ታጥባ፣ የክር ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ አፈ ሰፊ ጠርሙሷን ጭኗ ላይ ይዛ ታልባለች፤ ማታ በረዶ ባለበት ቦርሳ ይዛ ትገባለች። በዚያ በመጀመሪያው ቀን የገባችው ግን ጠርሙሷን ሞልታ አልነበረም። በማግስቱ ከግማሽ በታች ሆነ። «ሥራ በዝቶ ነው» አለች። ከዚያ የጠርሙሱን ታች ብቻ ያረጠበ ነገር ይዛ መጣች፤ ምክንያትም አልሰጠች። ሚጢጢ በበኩሏ ኩባያዋን በመላስ በርትታለች፤ ፍሪጁ ውስጥ የተደረደረው እያለቀ ሄደ።

ጋሽ ይመለስ ማታ ዕቃ ሊያጥቡ ወደ ማድ ቤት ሲገቡ ልጃቸው ፍሪጁን ከፍታ፣ ባዶውን መደርደሪያ እያየች ስታለቅስ ደረሱባት።

«ምን ሆንሽ?»

«የለኝም አባዬ» አለች። «ያለኝም ውሃ ነው።»

የራሳቸውን ቃል ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ክው አሉ። በዚያ በር ላይ ስንት ሰው ወተቱን ተሸክሞ ተመልሷል፤ አንዱም እንዲህ አንጀታቸውን አልበላውም። አፈሩ። ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንዴት እንደሚባል አላወቁበትምና «ግቢ፣ ተኚ» ብቻ አሏት።

በማግስቱ ሚጢጢ የምትመዘንበት ቀን ነበር። በፎጣ ጠቅልለው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ ልብሷን አውልቃ ሚዛኑ ላይ አጋደመቻትና «እሰይ የኔ ጀግና! ጨምራለች፤ ያውም በደንብ» አለች።

«ሚዛኑ ደህና ነው?» አሉ ጋሽ ይመለስ።

«ምነው አባባ? ማደጓን አልወደዱትም?»

«መውደዱንስ… ግን በምን አደገች? የምትጠጣው ያው የእናቷን ነው። እሱ ደግሞ ቀጭን ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እኔ ወተት አውቃለሁ።»

ነርሷ ነገሩ ገባት መሰል ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት የጥጃ ምግብ ነው። ጥጃ በተወለደ ቀን ቆሞ መሄድ አለበት፤ በዓመቱ ኮርማ ሊሆን ነው። ይቺን ማን አጣደፋት? የላም ወተት ለጥጃ በልኩ ነው፤ ይሄ ደግሞ በእሷ ልክ የተሰፋ ነው። ሲጀመር ይቀጥናል፣ እየታለበ ሲሄድ ይወፍራል። አንዲት ጠብታ ውሃ የለበትም።»

ሚጢጢን ሲጠቀልሉ ዘገዩ። «ከቀነሰስ?» አሉ ቀስ ብለው። «እናቷ… ነጠፈብኝ ትላለች።»

«ተጨንቃ ይሆናል። ሴት ስትጨነቅ፣ ስታፍር፣ ወተቷ እዚያው እያለ አልወርድም ይላል። ልጇን ስታይ፣ ድምጿን ስትሰማ ግን…» ነርሷ ሌላ ሕፃን ይዛ የቆመችን እናት ጠራች። «ይመጣል አባባ። ተስፋ አይቁረጡ።»

መንገድ ላይ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ደረጃ ላይ አረፍ አሉና የፎጣውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ጉንጭ አውጥታለች። አንጓዋ ላይ፣ አጥንት ብቻ በነበረበት ቦታ፣ እንደ ክር የቀጠነች እጥፋት ተሠርታለች፤ የሥጋ እጥፋት ናት። የሩዝ ቅንጣት የማያክለው ጥፍሯ አድጎ መቆረጥ ፈልጓል። ሌላ ምንም አልቀመሰችም። ሌላ ምንም! ያ ጥፍራቸው ላይ ያልቆመው ቀጭን ነገር ሄዶ ሥጋ ሆኗል፣ ጥፍር ሆኗል፣ ይኸው እሳቸውን ትኩር ብሎ የሚያይ ዓይን ሆኗል። ስንት በርሜል በእጃቸው አልፏል፤ የትኛውም የት ደርሶ ምን እንደሆነ ተከትለው አይተው አያውቁም ነበር። «አቤት!» አሉ። አላፊ አግዳሚው ሰውዬው ምን ነካቸው ብሎ ዞር እያለ ያያቸዋል፤ እሳቸው ግድ አልሰጣቸውም።

ቤት ገብተው ፍሪጁን ሲከፍቱ የቀረው አንድ ጠርሙስ ነው። ዛሬ ማታ ልጃቸው ባዶ እጇን ከገባች ለነገ የለም። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ እያስቀመጡ የነርሷን ነገር ሲያወጡ ሲያወርዱ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። አቅራቢዎቹ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ስለ ላሞቻቸው ጠባይ ያወራሉ፦ ጥጃዋ ካልቀረበላት ወተቷን ትይዛለች፤ ብትለምናት፣ ብታባብላት፣ ጠብ አታደርግም። ጥጃውን ስታስጠጋላት ያን ጊዜ ትለቀዋለች። ሰዓቱን አዩ፤ ምሳ ሰዓት ነው። ስልኩን አነሱ።

«ምን ሆነች?» አለች ልጃቸው፤ ድምጿ ከክር መጋዘኑ በሹክሹክታ ነው የመጣው።

«ምንም አልሆነች። እያለብሽ ነው?»

«አባዬ!»

እሳቸውም አፈሩ። ለላም ሲሉት ከአፋቸው ዱብ የሚለው ቃል ለልጃቸው ሲሆን ነውር መሰላቸው።

«ስንቴ ሞከርኩ» አለች፤ «ጠብ የሚል ነገር የለም። የሥራ ደወል ሊደወል ነው፣ ልነሳ ነው።»

«አትነሺ። ስሚኝ። ያን ቀን ያልኩሽ ነገር ስህተት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እኔ የማውቀው የላም ነው፣ ያንቺን አላውቀውም። ዛሬ አስመዝኛት መጣሁ፤ ጨምራለች። ያ ከጥፍሬ ላይ የፈሰሰው ወተት ጉንጭ አውጥቶላታል። እጄን በቆረጠው!»

ከወዲያ ማዶ አፍንጫ ሳብ ሳብ ሲደረግ ተሰማ።

ሚጢጢ ይኼኔ ነቃች። የተራበች ሕፃን ትዕግሥት የላትም፤ ከዚያች እፍኝ ከማትሞላ ደረት እንዴት እንደሚወጣ በማይታወቅ ድምፅ ቤቱን አቀለጠችው። ጋሽ ይመለስ በአንድ ክንዳቸው አቅፈዋት ስልኩን ወደ አፏ አስጠጉ። ልጅ እያለቀሰ ዝም ብሎ መያዙ ኃጢአት መስሎ ተሰማቸውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ጆሮዋ ሥር አስደግፈው ኩባያውን አቀረቡላት። ላስ አደረገች፤ አለቀሰች፤ ደግሞ ላስ አደረገች።

«ውይ!» አለ ስልኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ… ውይ አባዬ! እየመጣ ነው! በሁለቱም በኩል! ልብሴ ራሰ፣ ጠርሙሱን የት ነው ያስቀመጥኩት…»

ከዚያ ድምፁ መጣ። ጭርር… ጭርር… ወተት የጠርሙስ ግድግዳ ሲመታ። ይህን ድምፅ ጋሽ ይመለስ የሰሙት የላም በረት ውስጥ እንጂ ከሰው አልነበረም፤ እዚህ ማድ ቤት ውስጥ አንዲት ፍጥረት ታለቅሳለች፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ካርቶን መሃል፣ ወተት ሰምቶ ይወርዳል። ጠርተውት ነው የመጣው። ሰውነታቸውን ውርር አደረጋቸው። ባለቤታቸው ይህችን የዛሬዋን እናት ስታጠባ እሳቸው ጎህ ሳይቀድ ፋብሪካው በር ላይ ነበሩ፤ ይህ ሁሉ የገዛ ቤታቸው ውስጥ ሲሆን እሳቸው የሰው በርሜል ውስጥ ወተት ሲፈልጉ ኖረዋል። አንድም ቀን «እስቲ ልይ» አላሉም። ነፍሷን ይማር፣ እሷም «ና እይ» ብላቸው አታውቅም።

«አባዬ» አለች ልጃቸው። እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው። «ስልኩን እንዳትዘጋው።»

አልዘጉትም። ሚጢጢ ጠግባ ክንዳቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሳቸው ግን ክንዳቸው እየዛለ፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ አድርገው ጠርሙሱ ሲሞላ ያዳምጡ ነበር።