ሁለተኛው ማይክሮፎን

ኤልሳዕ የሱሪውን ጫፍ ቀምቅሞ ሳይጨርስ ከስፌት መኪናው ተነሳ። ባለቤቱ ወይዘሮ ፈጠነች ሱቁ በር ላይ ቆማ የነሐሴን ዝናብ ታያለች።

"ሜትሩ አንገትህ ላይ ነው" አለችው።

"ይሁን፣ እንደያዝኩት እሄዳለሁ።"

"የእንግሊዞቹን ወገብ ልትለካ ነው?" ጃንጥላውን እያቀበለችው ፊቱን አየት አደረገችው። "ፈርተሃል እንዴ?"

"ምን ያስፈራኛል?"

እውነቱን ነበር። ሰው ፊት መቆም ለኤልሳዕ አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ሰባኪ በመጣ ቁጥር ከጎኑ ቆሞ አማርኛውን ወደ ወላይትኛ የሚመልሰው እሱ ነው። ሶዶ ብቻ አይደለም፤ ቦዲቲም ገሱባም ጉባኤ ሲዘጋጅ "ኤልሳዕ ይምጣ" ይባላል። ሰባኪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከፍ ያደርጋል፤ ሰባኪው ሲያንሾካሹክ እሱም ያንሾካሽካል። እንደ አንዳንዶቹ "እንዲህ ይላል" እያለ ሰባኪውን አያርቀውም። ሰባኪው "እኔ" ሲል እሱም "እኔ" ነው የሚለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ድንኳን የሞላ ሕዝብ ፊት ቆሞ አንድ ቀንም ቃል አልጠፋውም። እንግዲህ ዛሬ ስለ እንግሊዝ ኳስ የሚናገርባት አንዲት የሬዲዮ ክፍል ምን ታደርገዋለች?

ስለ ኳሱም ቢሆን ስጋት አልነበረውም። ስፌት ላይ ሲውል ሬዲዮው ተዘግቶ አያውቅም፤ ጨዋታን በጆሮው እየተከታተለ ነው ያደገው። ፋንታሲ የሚባለውን የስልክ ጨዋታ ያመጡለት ግን ደንበኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ እነሱ ራሳቸው ሊጠይቁት ይመላለሱ ጀመር።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ጦና ወሬውን ሰምተው ባለፈው እሁድ ጠርተውት ነበር።

"ቁማር ነው አሉኝ" አሉት።

"ገንዘብ የለበትም፣ ጋሼ። ከእንግሊዝ ቡድኖች አሥራ አምስት ተጫዋች መርጬ የራሴን ቡድን በስልክ እሠራለሁ። እነሱ እዚያ ሜዳ ላይ ጎል ሲያገቡ እኔ እዚህ ነጥብ አገኛለሁ። አንዱን አምበል አደርገዋለሁ፤ የእሱ ነጥብ እጥፍ ይሆናል።"

"ነጥቡ ምን ያደርግልሃል?"

"ምንም።"

አቶ ጦና አገጫቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። "እንግዲህ ምንም የማታገኝበት ከሆነ" አሉ በመጨረሻ፣ "ኃጢአትነቱ አልታየኝም።"

ሬዲዮ ጣቢያው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ሐመልማል ኮሪደሩ ላይ ወረቀቷን ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጋዜጠኛ ናት። የሐሳቡ ባለቤት እሷ ናት፤ ጃኬቷን ልታስጠብብ መጥታ ኤልሳዕ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ሰማችና "ጋሼ፣ ይህን ለምን በሬዲዮ አይሉትም?" ብላው የጀመረ ነገር ነው። እሷ በአማርኛ ልትጠይቅ፣ እሱ በአማርኛ ሊመልስ ተስማሙ። ስሙንም "የኛ ቡድን" አሉት።

ኃላፊው አቶ ቢያድግልኝ ግን አልጣማቸውም። ሁለቱ ወደ ስቱዲዮው ሲገቡ እሳቸው ዘፈን የተሞላ ፍላሽ ለቴክኒሻኑ ሲያቀብሉ አገኟቸው።

"ሐመልማል፣ ተነጋግረናል" አሉ። "ይሄ ነገር ስልክ ላለው ተማሪ እንጂ ለአድማጫችን አይገባም። ሰው ደውሎ ካልተሳተፈ፣ የሚመጣው አርብ ሰዓቱን ለዘፈን እመልሳለሁ። መሀል ላይ ከተበላሸም ፍላሹ ይኸው።"

"እሺ" አለች። ኤልሳዕ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ መልሳ ስትዘረጋ አየ። ይህን ሰዓት ለማግኘት ክረምቱን ሙሉ ስትለምን ነው የከረመችው።

"አይዞሽ ልጄ" አላት። "እኔ አለሁ። ማይክሮፎን እንደሆነ አብረን ያረጀን ነን።"

ከዚያ ድምፅ እንዲያፍን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ዞር ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለጌታ አጭር ነገር ነገረው። ሲቀመጥ ልቡ ጸጥ ብሎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማይክሮፎን ቆሟል፤ ሳያስበው፣ እንደ ጉባኤው ልማዱ፣ ሁለተኛው ፊት ተቀመጠ።

ቀይ መብራቱ በራ።

"ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን" አለች ሐመልማል።

ኤልሳዕ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ፣ በዚያ ድንኳን በሚሞላ ድምፁ፣ አድማጮችን በወላይትኛ ሰላም አለ። ሐመልማል ፈገግ አለች፤ ለሰላምታ ያህል ጥሩ ነገር ነው።

"ይህ 'የኛ ቡድን' የተሰኘው አዲሱ ዝግጅታችን ነው።"

ኤልሳዕ ይህንንም በወላይትኛ አለው። ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

"አብረውን ያሉት ጋሽ ኤልሳዕ ናቸው። ጋሼ፣ ለመሆኑ ፋንታሲ ምንድን ነው?"

ኤልሳዕ የራሱን ስም ከነጥያቄው አሳምሮ ወደ ወላይትኛ መለሰና፣ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር መጠበቅ ጀመረ።

ምንም አልመጣም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ሐመልማል ታየዋለች፤ እሱም ያያታል። ያን ጊዜ ነው የገባው። ጥያቄው ለሕዝቡ ሳይሆን ለእሱ ነበር። ጆሮው ጋለ። ሃያ ዓመት ማይክሮፎን ፊት ቆሟል፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ግን አያውቅም። ሁልጊዜ ከፊቱ ሰው ነበረ። በመስታወቱ ማዶ አቶ ቢያድግልኝ ጣታቸውን ወደ ፍላሹ ቀሰሩ።

አፉን ከፈተ። አማርኛውም ወላይትኛውም ሸሹት።

"እንግዲህ" አለች ሐመልማል፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ "ከእንግሊዝ ቡድኖች አሥራ አምስት ተጫዋቾች እንመርጣለን።"

ኤልሳዕ መሬት የረገጠ ያህል ቀለለው። ተረጎመው።

"የራሳችንን ቡድን በስልክ እንሠራለን።"

ተረጎመው። እሱ ራሱ ሱቁ ውስጥ ያስረዳው ነገር በሷ አፍ ተመልሶ እየመጣለት ነው፤ አንድ እሷ፣ አንድ እሱ። ስለ አምበሉና ስለ እጥፉ ነጥብ ጨርሰው ወደ ነገው ጨዋታ ሳይሻገሩ ስልኩ ጮኸ።

"ከቦዲቲ ነው። ቦሼ እባላለሁ፣ እህል ነጋዴ ነኝ" አለች አንዲት ሴት። "ልጆቼ ስልክ ላይ ተጣብቀው ሲጨቃጨቁ ቁማር መስሎኝ ስቆጣ ነው የከረምኩት። እናንተ በሁለቱም ቋንቋ ስትሉት ነው ዛሬ የገባኝ። አሁን ደግሞ እኔም ቡድን ሥሪልኝ ልላት ነው ትንሿን።"

ሌላው መስመርም ይጮኻል። አቶ ቢያድግልኝ ጣታቸውን አወረዱ።

"ወንድም ኤልሳዕ" ቀጠለች ቦሼ፣ "ድምፅህን ከጉባኤ አውቀዋለሁ። ግን ሁልጊዜ የሰው ቃል ነው የምታቀብለን። አንተ ራስህ ማንን ነው አምበል ያደረግከው?"

ኤልሳዕ በልማድ ወደ ሐመልማል ዞረ። ሐመልማል ግን ከመጀመሪያው ማይክሮፎን ፈቀቅ ብላ ወደ እሱ አዞረችው። ሁለተኛውን ወደ ራሷ ሳበች።

ሜትሩን በጣቱ አንድ ጊዜ ጠቀለለው። መልሱን ያውቀዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያውቀው ነበር። የቀረው መጀመር ብቻ ነው። በየትኛው ቋንቋ ልጀምር ብሎ ሳይመርጥ፣ የቤቱ ቋንቋ ቀድሞ ወጣ።

አንድ ዓረፍተ ነገር በወላይትኛ ተናገረና ቆመ።

ሐመልማል ከሰሜን የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ናት። ሶዶ ተወልዳ አድጋ ወላይትኛ ትሰማለች፤ ሰው ፊት ለመናገር ግን ታፍራለች። አሁን የሚፈለገው መስማቱ ነበር። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

"አምበሌ የሌስተሩ አጥቂ ነው" አለች።

ኤልሳዕ ደስ አለው። "እንዲህ ይላሉ" አላለችም።

ሁለተኛውን ተናገረ።

"ባለፈው ዓመት ከሊጉ ሊወርዱ ሲሉ በመጨረሻው ሰዓት እንዴት እንዳመለጡ በሬዲዮ ተከታትያለሁ። እንደዚያ የሚሮጥ ሰው ክረምቱን ዐርፎ ሲመጣ አይቆምም።"

ሦስተኛውን ተናገረ። ሐመልማል ሰማችው፣ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ቆፍጠን ብላ፦

"ሚስቴ ፈጠነች ግን ስቃብኛለች" አለች።

ቴክኒሻኑ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለ። ቦሼ በስልክ ስትስቅ ተሰማች። ጋዜጠኛዋም ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ሳይፈቱ ፍላሹን ከጠረጴዛው አንስተው ኪሳቸው ከተቱትና ወጡ።

ኤልሳዕ ስለ ተከላካዮቹ ቀጠለ። ዓረፍተ ነገሩን አጭር አጭር አደረገው፤ በየመሀሉም እስክትጨርስ ጠበቃት። አጠገብ የቆመ ሰው ላይ ረጅም ንግግር ሲለቁበት ምን ያህል እንደሚከብድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።